የመጀመሪያዋ ደቂቃ የማን ናት?

«አንድ ፊልም እንዴት ይጀመር?» የሚለው ጥያቄ ለክፍል ተማሪዎች ሲሰጥ ቀላል የቤት ሥራ ይመስላል። አምስት ወይም ስድስት ልጆች ይሰባሰባሉ፤ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ የአጭር ፊልም መክፈቻ ያቅዳሉ፤ ከመካከላቸው ደኅና ስልክ ያለው ይቀርጻል፤ በሳምንቱ ለክፍል ይታያል፤ ይጨበጨባል፤ ማርክ ይሰጣል። ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩት ባልደረቦች ነገሩን እንደ ዕረፍት ሰዓት ጨዋታ ያዩታል። ርእሰ መምህሩም ቢሆን የወላጆች በዓል ካልደረሰ በቀር አያስታውሰውም።

ኪነ ጥበብን የሚጎዱት ግን እነዚህ አይደሉም። ንቀት ቢያንስ ተማሪውን ብቻውን ይተወዋል። ጎጂዎቹ ሥራውን በሁለት እጅ የሚቀበሉት፣ ተቀብለውም ከልጆቹ እጅ የሚያወጡት ናቸው። እነዚህም በሁለት ጎራ ተሰልፈዋል። አንዱ ጎራ «መልእክቱ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ግልጽ ይሁን» ይላል፤ በባህል ጽሕፈት ቤቶችና በትምህርት ቤት ክበባት የሚበዛው ይህ ነው። ሌላው ጎራ «መጀመሪያ የተመልካች ዓይን ይያዝ፤ መልእክቱ ይደርሳል» ይላል፤ ይህ ደግሞ ሙያውን ከከተማ የቪዲዮ ቤቶች የቀሰመው ወጣት ባለሙያ የሚያዘወትረው ነው። ሁለቱ ሲከራከሩ የሚሰማ ሰው የጥንቱ የይዘትና የቅርጽ ሙግት እንደገና የተነሣ ሊመስለው ይችላል። አልተነሣም። የመጀመሪያዋ ደቂቃ የተማሪው አይደለችም በሚለው ሁለቱም ተስማምተዋልና።

ለመሆኑ የፊልም የመጀመሪያ ደቂቃ ምን ትሠራለች? በተውኔት መጋረጃው ሲገለጥ ተመልካቹ ከመቀመጫው አይነሣም፤ ዓይኑን ግን ወደ ፈቀደው የመድረክ ማዕዘን ይልካል። በፊልም ከየት ሆኖ እንደሚያይ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። ከላይ ነው ወይስ ከመሬት? ከሩቅ ነው ወይስ ከቅርብ? ከሚያየው ጋር ነው ወይስ ከሚታየው? ይህ ሁሉ አንድ ቃል ሳይነገር ተወስኖ ያልቃል፤ የቀረውም ፊልም ያንን ውሳኔ ተሸክሞ ይሄዳል። በዓለም ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞች አንዱ የሆነው፣ የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 እ.ኤ.አ. በሊዮን ከተማ የቀረጹት ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳየው ምስል እንኳ ከዚህ ነጻ አይደለም። በሩ ይከፈታል፤ ሠራተኞቹ ይጎርፋሉ። ፋብሪካው የማን ነው? የካሜራው ባለቤቶች ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አልተቀረጸም፤ ከአንድ በላይ ቅጂ እንዳለው ይታወቃል። እንግዲህ ፊልም ገና ሲወለድ አሠሪው ሠራተኞቹን፣ የራሱ በር ፊት ቆሞ፣ በዕቅድና በድጋሚ እንዲወጡ እያደረገ ተመለከታቸው ማለት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የቤተ መንግሥቱን ድግስና ምቾት ከሚያሳዩ ምስሎች ጋር ተሰካክቶ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዘውዱን የጣለው ፊልም ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ነገሩ ከየካቲት 1966 ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነበር። ይሁን እንጂ ምስሎቹን ያሰካካው እጅ፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ ቢመጣ ምን እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የተራበ ሕፃን ብቻውን ሲታይ ያሳዝናል፤ ከድግስ ቀጥሎ ሲታይ ይከስሳል።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያስተላለፈው የማይክል ቡርክና የኬንያዊው ካሜራ አንሺ የሞሐመድ አሚን የኮረም ዘገባ የሚጀምረው በንጋት ነው። ብርድ፣ ሜዳ፣ የተኮለኮለ ሕዝብ። ከ400 በላይ የሚሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። ያ ዘገባ እህል አምጥቷል፤ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሆኖም ያቺ አንዲት ንጋት ለብዙ የባዕድ አገር ሰው ኢትዮጵያ ማለት ሆና ቀረች። በዚያ ሜዳ ላይ የነበሩት ሰዎች የታዩ እንጂ ያሳዩ አልነበሩም።

ወላይታም ከዚህ አላመለጠም። በ1977ቱም ሆነ ከዚያ ወዲህ በመጡት የችግር ዓመታት፣ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ እንሰቱ ለምልሞ፣ ምድሩ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ሰው የሚቸገርበት አገር ለማለት ነው። ስሙን ያወጡት ተመልካቾች ናቸው።

የሁምቦ ነገር ከዚህ ይነሣል። ሁምቦ ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን ያለች ወረዳ ናት፤ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው ጎዳና ላይ ጠበላን አስቀምጣ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ትወርዳለች። ተራራዋ ለብዙ ዘመን በማገዶ፣ በከሰልና በግጦሽ ተራቁቶ የጎርፍ መውረጃ ሆኖ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው፣ በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ ጫካው ከአየር የሚስበው ካርቦን ተሰልቶ ለማኅበራቱ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆነ ማለት ነው። እነሆ ተራራው ዛሬ ለብሷል።

ስለዚህ ሁምቦ ለካሜራ እንግዳ አይደለችም። የዚህ ተራራ ታሪክ በውጭ ድርጅቶች ተደጋግሞ ተቀርጿል፤ ራቁቱን የነበረውና የለበሰው ተራራ ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ። ምስሉ እውነት ነው፤ ደስም ያሰኛል። የሚጎድለው በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው ነው፤ ያም ሥራው ራሱ ነው። የሁምቦ ተማሪ ግን መካከሉን ያውቀዋል፤ በቤቱ ሰምቶታል፤ ምናልባትም ከብት ወደ ክልሉ አስገብቶ ተቆጥቶበታል።

አንድ መምህር በጠበላ ወይም በአካባቢዋ «የሁለት ደቂቃ የፊልም መክፈቻ አቅዳችሁ አምጡ» ቢል ምን ይመጣለታል? የመልእክቱ ጎራ ቀድሞ ደርሶ ከሆነ የሚመጣው የታወቀ ነው። ጨለማ ገጽ፤ ዋሽንት፤ ከዚያም የማይታይ ሰው ድምፅ። ድምፁ ስለ ደን መጨፍጨፍ፣ ስለ ሱስ ወይም ስለ ሕገ ወጥ ስደት ጉዳት በጽሕፈት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ድምፁ ለተናገረው ማስረጃ ከመሆን አያልፍም። ተመልካቹ ፍርዱን ሰምቶ ችሎት ይቀመጣል።

ይህ በሽታ ከፊልም አልተወለደም። አብዮቱን ተከትለው በየቀበሌውና በየአውራጃው ከተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች የተወረሰ ነው። ትርኢቱ በመፈክር ይከፈት ነበር፤ የትርኢቱ ቁም ነገር በመፈክሩ ስላለቀ የቀረው ዘፈንና ጭፈራ ሆነ። ከቡድኖቹ ትልልቅ ድምፃውያንና ተዋንያን መውጣታቸው አይካድም፤ የወጡት ግን ከመፈክሩ አልነበረም። ጸሐፌ ተውኔቶችም ከዚህ ነቀፋ አይድኑም። ባለታሪኩ ወደ ተመልካች ዞሮ ሐሳቡን እንዲናገር ያስለመዱት፣ ከዚያም ይህንኑ ልማድ ወደ ፊልም ይዘው የገቡት እነርሱ ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቪዲዮ የተጀመረው የአማርኛ ፊልም ጎርፍ ከቤት ሳይወጣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ የኖረው ካሜራ ስለ ጠፋ አይደለም። ዓይን ስላልተማረ ነው።

ለምሳሌ አንድ ጉዳይ ይወሰድ። ከወላይታ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደው በሊስትሮነት የሚተዳደሩ ሕፃናት ነገር ነው። ይህን የማያውቅ የሁምቦ ተማሪ የለም፤ ከክፍሉ መቀመጫዎች አንዱ ባዶ የሆነበት ሊሆን ይችላል። የመልእክቱ ጎራ «ሕገ ወጥ የሕፃናት ዝውውር ይቁም» ብሎ ይጀምራል። ማን ይቃወመዋል? የሚቃወም የለም፤ የሚያየውም የለም። አንድ ተማሪ ግን ያንኑ ጉዳይ ከባዶው መቀመጫ ሊጀምር ይችላል። ጠዋት ነው። መምህሩ ስም ይጠራሉ። «አቤት» «አቤት» ይባላል። አንድ ስም ይጠራል፤ ዝም ይላል። መምህሩ ቀና ሳይሉ ቀጣዩን ስም ይጠራሉ። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። መፈክሩ ከተናገረው ሁሉ የሚበልጥ ነገር በዚያች ቀና ባለማለት ውስጥ አለ፤ ምክንያቱም መምህሩንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ ስሙ ሲጠራ ዝም ያሉትን ጓደኞቹንም ይጠይቃል። ካድሬው ሊፈራው የሚገባ ፊልም ካለ ይህ ነው፤ ሊደግፈው የሚገባም ይኸው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጎራ ሲታለፍ ሥራው ይበልጥ ያማረ፣ በዚያው መጠንም ይበልጥ ባዶ ይሆናል። ዛሬ ድሮን ርካሽ ሆኗል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊልም ከሰማይ ይጀምራል። የዳሞታ ተራራ ከላይ፤ አባያ ከላይ፤ የሶዶ ቆርቆሮ ጣራዎች ከላይ፤ በላያቸው ላይ ሞቅ ያለ የወላይታ ምት። ተማሪውም ድሮን ባይኖረው ከዩቱብ ወስዶ ይቀጥላል። ለምን ከሰማይ? በሁምቦ ሰማይ ላይ የሚኖር ማነው? ከአየር ላይ ሲታይ እርሻ ጌጥ ነው፤ ገበሬው ነጥብ ነው። በወላይታ አንድ ቤተሰብ የሚኖርባት መሬት ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነች የሚያውቅ ልጅ ያንን ጥበት ከላይ ሆኖ አያየውም፤ በእግሩ ይለካዋል። ከቤቱ ደፍ እስከ ጎረቤት እንሰት ድረስ ስንት እርምጃ ነው? ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ ቢራመድ መክፈቻ አገኘ።

ስለ ረጅም የአንድ ትንፋሽ ቀረጻ ሲወራ ወጣቶቹ የኦርሰን ዌልስን «ተች ኦቭ ኢቭል» ማንሣት ይወዳሉ። ደግ አደረጉ። ያ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም ሦስት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ በሚሄድ ቀረጻ ይጀምራል። የፊልም ኩባንያው ግን የሠራተኞቹን ስም ዝርዝርና የራሱን ሙዚቃ በላዩ ላይ ጫነበት። ደራሲው ያሰበው መክፈቻ፣ በጎዳናው ድምፅ ብቻ፣ ለሕዝብ የታየው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዌልስ ከሞተ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ። ወጣቶቹ የካሜራውን እንቅስቃሴ ቀድተው ትምህርቱን ግን ትተውታል። እነርሱ ራሳቸው ዛሬ በተማሪው ምስል ላይ አርማ፣ ስምና ሙዚቃ የሚጭኑ ሆነዋልና። ከሁለት ደቂቃ ውስጥ አርባ ሰከንዱ «እከሌ ፕሮዳክሽን ያቀርባል» የሚል የሚሽከረከር ፊደል ሲሆን ምን ቀረ?

የዚህ ጎራ ሌላው ጥፋት ከውበት ጋር ሳቅን ማስቀደሙ ነው። በአማርኛ ቧልቶችና የቴሌቪዥን ድራማዎች የደቡብ ሰው አነጋገር ማስቂያ ሆኖ መቅረቡ የቆየ ልማድ ነው። ዘበኛው፣ ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛው አፉን ሲከፍት ይሳቃል። የከፋው ግን ይህ አይደለም፤ የሁምቦ ልጅ ራሱ ካሜራ ሲሰጠው የገዛ አባቱን አነጋገር በአዲስ አበባ ጆሮ ሰምቶ ማስቂያ አድርጎ ሲከፍትበት ነው። ያኔ ካሜራው በሁምቦ ልጅ እጅ ቢሆንም ዓይኑ የሌላ ነው።

ስለዚህ የቋንቋው ጉዳይ ሳይነሣ ሊታለፍ አይችልም። ወላይትኛ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ተነሣች፤ ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ሕዝብ ለቋንቋው ይህን ያህል ዋጋ በከፈለበት አገር፣ የተማሪ ፊልም ባለታሪክ እናቱን በአማርኛ «እንደምን አደሩ» ሲል ቢታይ ውሸት ነው፤ ተመልካቹም ውሸቱን በመጀመሪያዋ ቃል ያውቀዋል። ቤት ውስጥ በወላይትኛ ይነገር፤ ከታች በአማርኛ ይጻፍ። ልጁ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲገባ ወደ አማርኛ ይዙር፤ ዞሮም ይኮላተፍ። በዚያ መኮላተፍ ውስጥ ሳቅ ሳይሆን ታሪክ አለ።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ መሣሪያው የት አለ?» የሚል ሦስተኛ ወገን መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ ወገን ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ዑስማን ሴምቤን በሞስኮ የፊልም ትምህርት ቀስሞ ወደ ሴኔጋል ሲመለስ በ1963 እ.ኤ.አ. የሠራው «ቦሮም ሳሬት» ሃያ ደቂቃ የሚያህል ነው፤ ስለ አንድ የዳካር ጋሪ ነጂ የአንድ ቀን ውሎ ነው፤ ሰውዬው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሲጸልይ ይታያል። ሌላ ምን አስፈለገው? ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሳለ፣ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ያህል ቀረጸ፤ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች። የቀረጸው የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለዓለም የቀረበው ይህ ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሁለት ሳምንት የበቃው ኃይሌ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ስላወቀ ነው እንጂ ካሜራው ፈጣን ስለ ነበር አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለውን፣ በ1957 ዓ.ም. የታየውን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን የጻፉትም ኋላ በታሪክ ጸሐፊነት የታወቁት ላጲሶ ጌ. ዴሌቦ ናቸው፤ የወላይታ ጎረቤት የሐድያ ተወላጅ። የፊልሙ አርእስት ራሱ ጥያቄ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ ግን መልስ ይዘው የሚነሡት በዙ።

ከሁሉ ይልቅ ለክፍል የሚጠቅመው የሕንዱ የሳትያጂት ራይ ነገር ነው። ራይ «ፓተር ፓንቻሊ»ን ሲጀምር የማስታወቂያ ሥዕል ሠራተኛ ነበር። ፊልሙን በወረቀት ላይ በተከታታይ ሥዕሎች ነድፎ ይዞ ነበር የዞረው። ካሜራ የያዘለት ሱብራታ ሚትራ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ነክቶ የማያውቅ የ21 ዓመት ወጣት ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቀን በነጭ አበባ በተሸፈነ ሜዳ ቀረጹ። በሳምንቱ ሊጨርሱ ሲመለሱ አበባው የለም፤ ከብት በልቶታል። ራይ አበባው በሚቀጥለው ዓመት እስኪያብብ ጠበቀ። ፊልሙ በ1955 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሁምቦ ውስጥ ከብት ምን እንደሚያደርግ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ዕቅድ ማለት ወረቀት ነው፤ እግርም ነው። ስምንት ወይም አሥር ሳጥን የተሰመረበት ወረቀት፤ በየሳጥኑ አንድ ሥዕል፤ ከሥሩ ማን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ። ሥዕሉ ባያምር ግድ የለም። ከዚያም ቦታው ድረስ በእግር መሄድ፤ ያውም በሚቀረጽበት ሰዓት። በዚያ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይሸፈናል፤ ፊቱ ሁሉ ግንባርና አፍንጫ ይሆናል። ጠዋትና ወደ ማታ ነው ፊት ፊት የሚሆነው። ከአርባ ምንጭ መንገድ አጠገብ ከሆነ የጭነት መኪናው ድምፅ ንግግሩን ይውጠዋል፤ ወይ ቦታውን መለወጥ ነው፣ ወይም መኪናውን የታሪኩ አካል ማድረግ። ነፋስ የስልክን ማይክሮፎን እንደ ጎርፍ ያስጮኸዋል። እነዚህ ነገሮች ተራ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ተማሪው ቦታውን በልምድ ሳይሆን በዓይኑ ማየት የሚጀምረው በእነዚህ ነው።

ተራራው ላይ ቢወጡስ? ሁምቦ አብዛኛውን ደኗን ያገኘችው ችግኝ በመትከል ሳይሆን ከመሬት በታች ሕያው ሆኖ ከቆየው ጉቶ ነው። ጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ገበሬው ከነዚህ መካከል የሚበረቱትን ጥቂቶች መርጦ ያስቀራል፤ የቀሩትን ይቆርጣል፤ የቀሩት ሁሉ ቢተዉ ቁጥቋጦ እንጂ ዛፍ አይሆኑምና። አንድ ቡድን መክፈቻውን ከዚህ ቢያደርግ ምን ያሳያል? አረንጓዴውን ተራራ አይደለም። አንድ እጅና አንድ ማጭድ፤ በእጁ ፊት አምስት ቀንበጥ። እጁ አንዱን ይነካል፤ ይተወዋል፤ ሌላውን ይነካል። ተመልካቹ የትኛው እንደሚቆረጥ አያውቅም። ከውጭ አንድ የልጅ ድምፅ በወላይትኛ ይጠይቃል፤ እጁ ይቆማል። እዚህ ላይ ይቆረጥ። የዚያ ሰው ፊት እስከ ሁለተኛው ደቂቃ ባይታይም ከየትኛውም የካርቦን ዘገባ ይልቅ ስለ ሁምቦ ገበሬ ዕውቀት ይነገራል። ቀንበጥ መምረጥና ምስል መምረጥም እምብዛም የተራራቁ ሥራዎች አይደሉም፤ ይህን ለተማሪዎቹ የሚነግራቸው መምህር ሳይሆን ከተራራው የሚወርዱ አባት ቢሆኑ ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ከወረቀቱ ላይ መቅረት የለበትም፤ ፈቃድ። በጠበላ ገበያ ስኳር ድንች ዘርግታ የተቀመጠች እናት የማንም የፊልም መክፈቻ አይደለችም። ልጁ ስልኩን ከሩቅ ደግኖ፣ ፊቷን አቅርቦ፣ አሳዛኝ ዋሽንት ጨምሮ በቲክቶክ ቢለቃት በኮረም ሜዳ ላይ ከነበረው ካሜራ ያነሰ ምክንያት ይዞ የባሰ ነገር አደረገ። የኮረሙ ቢያንስ እህል አመጣ። ባላገር የባላገርን ችግር ከሩቅ ሲቀርጽ «የራሳችን ዓይን» ማለት አይቻልም። ይጠይቃት። ስሟን ይወቅ። ምን ብትታይ እንደምትወድ ይስማ፤ ምናልባት ስትሸጥ ሳይሆን ስትከራከር መታየት ትወድ ይሆናል፤ በገበያ ክርክር የሚበልጣት የለምና። አልፈቅድም ካለች ካሜራው ወደ ኪስ ይመለሳል፤ በወረቀቱም ላይ ሳጥኑ ይሰረዛል።

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባትን በታችኞቹ ክፍሎች እንደ አንድ ትምህርት አስገብቷል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱን ለማስተማር የሚመደበው ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜ የጎደለው የሌላ ትምህርት መምህር ነው፤ ማርኩም የሚሰጠው ለጭብጨባው ነው። ይህ ካልተለወጠ ሁለቱ ጎራዎች ክፍሉን ይከፋፈሉታል፤ ግማሹ መፈክር፣ ግማሹ ድሮን ይሆናል። ለውጡ ብር አይጠይቅም። ከማርኩ ግማሹ ካሜራ ሳይነካ በፊት ለወረቀቱ ይሰጥ። የባህል ጽሕፈት ቤቱም «ርእሱ ይህ ይሁን» የሚል ደብዳቤ መላኩን ትቶ፣ ያለቀውን ሥራ በጠበላ አደባባይ በነጭ አንሶላ ላይ ለወላጆች የሚያሳይበትን ምሽት ያዘጋጅ፤ የተቀረጹት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጡ።

ፊልሙ ለክፍል ሲታይም መምህሩ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅ። የመጀመሪያውን ምስል አስቁሞ «ካሜራው ለምን እዚህ ቆመ?» ይበል። «ስለሚያምር» ወይም «ትምህርት ስለሚሰጥ» ካሉት ወረቀቱን ይመልስላቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይዘው ይምጡ። «ወንድሜ በየቀኑ የሚቀመጠው እዚህ ስለ ነበረ» የሚል አንድ ልጅ ከተገኘ መብራቱ ሳይበራ ፊልሙ ይቀጥል።